የተቀዳውና የተጠጣው

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የትርንጎ ማእድ ቤት ቆጣሪ እንደ ወትሮው የቀኑን ድርሻ ማንበብ ጀመረ። "ትርንጎ በላቸው፣ ዕድሜ ሠላሳ አራት። ሽሮ ያለ ዘይት፣ ዳቦ ሁለት፣ የእንቁላል ነጭ አንድ ኩባያ።" ትርንጎ ይህን ክፍል በጆሮዋ ማዳመጥ ከተወች ቆይታለች። የምትጠብቀው የልጅቷን ተራ ነበር።

"ምንትዋብ፣ ዕድሜ ሰባት። ሽሮ ያለ ዘይት፣ ዳቦ አንድ፣ የእንቁላል ነጭ ግማሽ ኩባያ።"

ቆጣሪው ዝም አለ። ከዚህ ቀጥሎ "አስኳል አራት" ማለት ነበረበት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ሲል ኖሯል። ትርንጎ ቁልፉን ተጭና እንደገና አስነበበችው። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጫነው ቆጣሪው በዚያው በለዘበ ድምፁ፣ "ልዩ ድርሻ ተቋርጧል። ምክንያት፦ የመምጠጥ ልኬት ሃያ ሁለት ከመቶ፤ ዝቅተኛው ሠላሳ" አለና የአየሩን ሁኔታ ወደ መናገር አለፈ። አዳማ ላይ ነፋስ ይኖራል።

ስብን የሚከለክለው የገበታ አዋጅ ከወጣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። በከተማው ውስጥ ቅቤ የቀመሰ ሰው ለማግኘት ከአርባ ዓመት በላይ የሆነውን መጠየቅ ያስፈልጋል። እንቁላል የሚሸጠው ነጩ ብቻ፣ በጣሳ ታሽጎ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ቆጣሪ ማእድ ቤት፣ አንድ ቆጣሪ መጸዳጃ ቤት አለው፤ የገባውና የወጣው በየቀኑ ይነጻጸራል። አዋጁ የሠራውን ማንም አይክድም። በልብና በደም ሥር ሕመም የሚሞተው ሰው ቁጥር ወደ ቀድሞው አንድ አምስተኛ ወርዷል። የትርንጎ እናት ሰባ ሁለት ዓመት ኖራ በሰላም ነው ያረፈችው፤ አያቷ ግን አርባ ዘጠኝ ሳይሞላው ጠዋት ጫማውን ሲያስር ወድቆ ቀርቷል።

የምንትዋብ ነገር ሌላ ነው። የማንም ሰው ጉበት፣ ምግብ ባያገኝ እንኳ፣ ለሰውነት የሚያስፈልገውን ኮሌስትሮል ራሱ ይሠራል። የእርሷ ሰውነት ይህን ሥራ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያደርስና ያቆማል። ስትወለድ የሁለቱም እግሮቿ ሁለተኛና ሦስተኛ ጣቶች ተጣብቀው ነበር። ጡት መሳብ አቃታት፤ እስከ ሁለት ዓመቷ በአፍንጫዋ በገባ ቱቦ ነው ያደገችው። ፀሐይ ቆዳዋን ያቃጥለዋል። አራት ዓመት እስኪሆናት በቀን ሁለት ሰዓት እንኳ አትተኛም ነበር፤ የእጇን ጀርባ ትነክስ ስለነበር እዚያው ላይ ቆዳዋ እንደ ተረከዝ ደንድኗል። አባቷ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሄደና እዚያው ቀረ። ከዚያ አስኳሉ ተፈቀደ። በሦስተኛው ሳምንት ልጅቷ ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች፤ ትርንጎ የሞተች መስሏት እጇን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር። በሁለተኛው ወር መንከሱን ተወች። በስምንተኛው ወር ደግሞ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች "ነፋስ" አለች።

በአገሩ ሁሉ እንዲህ ያሉ ልጆች ስድሳ አራት ናቸው። ሠላሳ አንዱ የሚለኩት አዳማ ነው። ሰዉ "የአስኳል ልጆች" ይላቸዋል።

ትርንጎ በዚያው ሰኞ ሥራዋ ላይ ነበረች። የምትሠራው ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ቀማሚ ናት። ከከተማው እንቁላል ሁሉ የሚወጣው አስኳል የሚመጣው እዚያ ነው፤ በበርሜል ተሞልቶ፣ ማንም እንዳይበላው ሰማያዊ መርዝ ተቀላቅሎበት። ዘይትና ውኃን አስታርቆ የሚይዝ እንደ አስኳል ያለ ነገር የለም፤ ቀለሙን የሚያጣብቀው እርሱ ነው። ትርንጎ ዘጠኝ ዓመት በየቀኑ እስከ ክርኗ እየገባችበት ቀምማዋለች። በዚያ ቀን ግን የበርሜሉን ክዳን ከፈተችና ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው፤ አለቃዋ ሁለት ጊዜ ስሟን መጥራት አስፈለገው።

ዓርብ ዕለት ምንትዋብ እጇን ነከሰች።

*

ይግባኝ ያለ ሰው በአሥር ቀን ውስጥ ልጁን አንድ ጊዜ እንደገና ማስለካት ይችላል። ልኬት ጣቢያው ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ነው። ትርንጎ ልጇን ሰፊ ባርኔጣ አልብሳ፣ አንገቷን በነጠላ ሸፍና ወሰደቻት።

ለኪው አቶ ደበላ ይባላሉ። ስድሳ የሚጠጉ፣ ጥፍራቸው ሁልጊዜ በደንብ የተቆረጠ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው፤ በጣቢያው አሥራ ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ምንትዋብን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያውቋታል። ሲያዩዋት ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት መዳፋቸውን ዘረጉላት፤ እርሷም በጣቷ መሐሉን ነካችው።

"ጋሽ ደበላ፣" አለች ትርንጎ፣ "ባለፈው ሃያ ሁለት የተባለው ትክክል ነው?"

"መሣሪያው አይሳሳትም፣ የምንትዋብ እናት።"

"መሣሪያው ምንድነው የሚለካው?"

"ምልክት የተደረገበት ኮሌስትሮል እንሰጣታለን። ክንዷ ላይ የምንለጥፈው ልጥፍ አራት ቀን ደሟ ውስጥ የገባውን ይቆጥራል። የገባው ለተሰጠው ሲካፈል መምጠጧ ይወጣል። ሌላ ምሥጢር የለውም።"

ባለፈው ጊዜ ትርንጎን ከውጭ ነበር ያስቀመጧት። ይግባኝ ላይ ግን ወላጅ ቆሞ የማየት መብት አለው፤ ደንቡን በስልኳ እያነበበች መጥታለች። አቶ ደበላ ከማቀዝቀዣ ውስጥ ትንሽ ብልቃጥ አወጡ፤ ነጩን ዱቄት መዝነው ቁጥር የታተመበት ኩባያ ውስጥ ጨመሩት። ከዚያ ስብ የወጣለት ወተት ቀዱበትና ሃያ ጊዜ አማሰሉ። እየቆጠሩ ነበር የሚያማስሉት። ምንትዋብ ጠጣች፤ ለመዋጥ ስለሚያስቸግራት ሩብ ሰዓት ወሰደባት። አቶ ደበላ ልጥፉን ክንዷ ላይ አደረጉና ኩባያውን ለመውሰድ እጃቸውን ዘረጉ።

ትርንጎ ኩባያውን አልሰጠችም። ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደችና ብርሃን ላይ አዘነበለችው። ጣቷን አስገብታ ግድግዳውን ዳሰሰች፤ ጣቷን ከአውራ ጣቷ ጋር አሸችው።

"ይህ ምንድነው?" አለች።

"የወተት አተላ ነው።"

"ስብ የሌለው ወተት እንዲህ አያሙለጨልጭም። ጋሽ ደበላ፣ እኔ ቀለም ቀማሚ ነኝ። ውኃ ውስጥ የማይሟሟ ዱቄት ሲማሰል የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ዕቃው ላይ ነው የሚለጠፈው። እኛ ጋ አንድ አዲስ ሠራተኛ እንዲህ አድርጎ ቢቀምም የዚያኑ ቀን ወደ መጋዘን ነው የሚላከው።"

አቶ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ለምንድነው በአስኳል የማትበጠብጡት?" አለች። "አንድ አስኳል ቢገባበት ጠብ ሳይል ይይዘዋል።"

"በጤና ተቋም ውስጥ ስብ ያለው ምግብ ማዘጋጀት አይፈቀድም። አዋጁ ነው።"

"የልኬቱ ወተትም?"

"ሁሉም።"

ትርንጎ ቀስ ብላ፣ "ይህ እዚህ የተለጠፈው ልጄ ሆድ ውስጥ አልገባም። እናንተ ግን ሰጥተናታል ብላችሁ ጽፋችኋል። ሰጥተናት አልመጠጠችውም ብላችሁ ነው የከለከላችኋት" አለች።

አቶ ደበላ በሩን አዩ፤ ተነሥተውም ዘጉት። ኩባያውን ከእጇ ተቀበሉ፤ በአልኮል ግድግዳውን ደጋግመው አጠቡና እጣቢውን መሣሪያው ውስጥ ጨመሩት። ቁጥሩ እስኪወጣ ሁለቱም ቆመው ጠበቁ። ምንትዋብ ወለሉ ላይ ተቀምጣ የባርኔጣዋን ክር ትፈታ ነበር።

"አሥራ ዘጠኝ ከመቶ" አሉ አቶ ደበላ። "ከተቀዳው ውስጥ አንድ አምስተኛ የሚሆነው ኩባያው ላይ ቀርቷል።"

"ስንት ልጅ ለካችሁ እንዲህ አድርጋችሁ?"

ሰውዬው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "አሥራ ሰባት ዓመት" አሉ። የጠየቀችው የልጆቹን ቁጥር ነበር፤ እርሳቸው የመለሱት ግን የዘመናቸውን ነው። አንድ ወረቀት አውጥተው አሥራ ዘጠኝ የሚለውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት፤ ፈረሙበትም። ለእርሷ ሲሰጧት ድምፃቸው ሰለል ብሎ፣ "ይህን እንዳደርግ አልተፈቀደልኝም" አሉ።

"ኩባያውስ?"

"ኩባያው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ መዝገቡ አይዘጋም።"

"መዝገቡ ካልተዘጋ ምን ይሆናል?"

አቶ ደበላ ቀና ብለው አዩዋት። አሁን የሚሉት ነገር ወዴት እንደሚወስድ ገብቷቸዋል። ቢሆንም ተናገሩት። "የይግባኝ ልኬት እስኪዘጋ ድርሻው ይቀጥላል።"

ትርንጎ ኩባያውን ከጠረጴዛው አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው፤ ቦርሳዋ ውስጥም አስገባችው።

"እንግዲያው አልመልሰውም" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ቆጣሪው "አስኳል አራት፤ ጊዜያዊ" ብሎ አነበበ።

*

ኩባያውን እንድትመልስ ሦስት ማስታወቂያ ደረሳት። አራተኛውን ይዘው ሁለት ሰዎች ቤቷ ድረስ መጡ፤ ትሑቶች ነበሩ፤ ጫማቸውን በር ላይ አራገፉ። ኩባያው የመንግሥት ንብረት መሆኑን ነገሯት። እርሷም በውስጡ የነበረው ለልጇ የተጻፈ መሆኑን ነገረቻቸው። በሳምንቱ የቤቷ ቆጣሪ የእርሷን ስም ማንበብ አቆመ። የምንትዋብን ያነባል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ገበያም ሆነ ሱቅ ብትሄድ፣ የፋብሪካው ምሳ ቤትም ብትሰለፍ፣ በስሟ የሚወጣ ምግብ የለም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት በልጅቷ ሽሮ ትራፊ ገፋቻቸው። በሦስተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቀማሚዎቹ እንደ ሁልጊዜው እያንዳንዳቸው ትሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። ትሪው የሚነሣውን ጉርሻ ሁሉ መዝኖ በባለቤቱ ስም ይጽፋል። ከአንድ ትሪ መብላት ከቀረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ የተከለከለ ሳይሆን፣ መዝገብ ስለሚያበላሽ ሰው ራሱ እየተወው የቀረ ነገር ነው። ትርንጎ ባዶ እጇን ከአጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። የማጣሪያ ክፍሏ ወርቂቱ፣ ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር የቀራት ሴት፣ ከትሪዋ ላይ አንዱን ጠቅልላ ወደ ትርንጎ አፍ ዘረጋችው።

"ወርቄ፣ በስምሽ ይጻፋል" አለች ትርንጎ።

"ይጻፍ፣ በሞቴ። እኔ በልቻለሁ ይበል።"

ትርንጎ ጎረሰች። ከዚያ ሌላዋ ዘረጋች፤ ሌላውም። ወጣቶቹ ጉርሻ መጠቅለል አያውቁም ነበር፤ ጣታቸው ላይ እየተበተነ ይሳሳቃሉ። በዚያ ሳምንት የፋብሪካው ምሳ ቤት ቆጣሪ አርባ ሦስት ሠራተኛ ከመጠን በላይ መብላቱን መዝግቦ ለሁሉም የማስጠንቀቂያ ድምፅ አሰማ። ማንም አላቆመም።

ትርንጎም ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የሌሎቹን ሠላሳ ልጆች ወላጆች አንድ በአንድ እየዞረች አገኘቻቸው። የአቶ ደበላን ወረቀት ታሳያቸዋለች፤ ከዚያ ውኃና ቀለም ዱቄት በብርጭቆ በጥብጣ ግድግዳው ላይ የቀረውን ታሳያቸዋለች። ብዙ አትናገርም ነበር። ለሊሴ የምትባል የሞጆ ሴት፣ የልጇ ልኬት ሃያ ስድስት ወጥቶ አስኳሉ ከተቋረጠ ዓመት ያለፋት፣ ብርጭቆውን አገላብጣ ካየች በኋላ እንዲህ አለች፤ "እኔ እኮ ዓመት ሙሉ ልጄን ነው የወቀስኩት። ሰውነትህ እምቢ አለ ብዬ።"

በቀጣዩ ወር የዓመቱ ልኬት ደረሰ። ሠላሳው ልጆች እየመጡ ጠጡ። ሠላሳው ወላጆች ኩባያውን በየቦርሳቸው ከተው ሄዱ።

*

የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር ሕሩይ ጉዳዩን ለመስማት የተቀመጡት ትርንጎ ኩባያውን ከያዘች በአርባ አንደኛው ቀን ነው። ቀጭን፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ሰውን አቋርጠው የማይናገሩ ሰው ናቸው። አዳራሹ በወላጆችና በልጆች ተሞልቶ ነበር። አቶ ደበላ ከሥራ ታግደው ስለነበር ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ተራ ሰው ተቀምጠዋል።

"ወይዘሮ ትርንጎ፣" አሉ ዶክተሩ፣ "ይህ አዋጅ ስንት ሰው እንዳተረፈ ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ፣ ዶክተር። እናቴን አትርፏል።"

ዶክተሩ ይህን መልስ የጠበቁ አልመሰሉም። ወረቀታቸውን አገላበጡ። "የኩባያው ነገር በደንቡ ውስጥ የለም። ደንቡ መምጠጥ ማለት ወደ ደም የገባው ለተሰጠው ሲካፈል ነው ይላል። የተሰጠ ማለት ደግሞ የተቀዳ ማለት ነው።"

"የተቀዳ ሁሉ ተጠጣ ማለት ነው?"

"በደንቡ አዎ።"

"እንግዲያው ኩባያዎቹን ይጠጧቸው" አለች ትርንጎ። "ሠላሳ አንድ ናቸው። ሁሉም እዚህ አሉ።"

ከኋላ የሳቀ ሰው ነበር። ወላጆቹ እየተነሡ ኩባያዎቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። አፋቸው ተሸፍኖ ስለቆየ፣ ከታጠበው ከትርንጎ ኩባያ በቀር ውስጣቸው ላይ የደረቀው ነጭ ክብ በግልጽ ይታይ ነበር። ዶክተር ሕሩይ አንዱን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ጥሩ ሐኪም ነበሩ፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል። ኩባያውን ካስቀመጡ በኋላ፣ ልኬቱ በአስኳል ተበጥብጦ በአቶ ደበላ እጅ እንዲደገም፣ ለዚህም ለአንድ ጊዜ ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ አዘዙ። ወላጆቹ ኩባያዎቻቸውን መልሰው ወሰዱ።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት ደረሰ። ሃያ ሁለት ልጆች ከሠላሳ በላይ ወጡ። የለሊሴ ልጅ ሠላሳ ሦስት ነው። ዘጠኙ ከሠላሳ በታች ቀሩ።

ምንትዋብ ሃያ ሰባት ናት።

ትርንጎ ቁጥሩን ስትሰማ ጣቢያው ደጃፍ፣ ጥላ ስር ነበረች። ምንትዋብ ባርኔጣዋን አድርጋ የእናቷን እጅ ይዛ ቆማለች። ትርንጎ ሁለት ወር ሙሉ ኩባያው ነው ስትል ከርማለች። ኩባያው ተስተካክሎ የልጇ ሰውነት እውነቱን ተናገረ፤ እውነትም ትንሽ ነው የምትመጥጠው። ትርንጎ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። አቶ ደበላ ወጥተው አጠገቧ ተቀመጡ።

"ጤነኛ ሰው ስንት ይመጥጣል?" አለች ትርንጎ።

"ከግማሽ ብዙም አይርቅም።"

"ከግማሽ።" ትርንጎ አሰበች። "እኛ ጋ አንድ ግድግዳ ቀለሙን ግማሹን ብቻ ቢይዝ ምን እንደምናደርግ ያውቃሉ? ሁለተኛ ዙር እንቀባዋለን። ይህ ግድግዳ ቀለም አይገባውም ብሎ ትቶት የሚሄድ ቀቢ አይቼ አላውቅም።"

አቶ ደበላ ወደ እርሷ ዞሩ።

"ሠላሳን ማን አወጣው?" አለች። "ከሠላሳ በታች የምትመጥጥ ልጅ ያባከነችው ምን አለ? የጤነኛውን ግማሽ የምትመጥጥ ከሆነ እጥፍ ነው የሚያስፈልጋት። አራቱም አይበቃትም ነበር። ስምንት ነው የሚያስፈልጋት።"

ለሊሴ በዚያን ጊዜ ልጇን አዝላ ከውስጥ ወጣች። የልጇን ፈቃድ ለማሳደስ ኩባያዋን እንድትመልስ ነግረዋት ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ለትርንጎ አሳየቻት፤ ኩባያው አለ።

"ለምን አልመለስሽም?" አለች ትርንጎ። "ያንቺ አልፏል እኮ።"

"ልጄ ሠላሳ ሦስት ነው፣ ትርንጎዬ። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ዘጠኝ ቢሆንስ?" አለችና ሌሎቹ እየወጡ ወደቆሙበት በአገጯ ጠቆመች። "ማንም አልመለሰም። የአንቺና የስምንቱ እስኪያልቅ ማንም አይመልስም ተባብለናል።"

*

ሌላ ሁለት ወር አለፈ። ሠላሳ አንድ መዝገብ ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ሠላሳ አንድ ቤት ውስጥ የአዋቂዎቹ ስም አይነበብም። በሞጆ፣ በወንጂ፣ በአዳማ ሰው በጉርሻ መኖር ጀመረ። ቆጣሪዎቹ የበላውን ትተው ያጎረሰውን ይጽፉ ስለነበር የሦስቱ ከተሞች ቁጥር ተበላሸ፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመቱ ሪፖርት ሳይወጣ ቀረ። ከዚያ በኋላ ነው ዶክተር ሕሩይ ትርንጎን ወደ ቢሯቸው ያስጠሯት።

ከስተው ነበር። አንድ ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ወደ እርሷ ገፉ። "ያንብቡት" አሉ። "ሠላሳ የሚለው ወለል ተነሥቷል። መምጠጡ ያነሰ ልጅ ጉድለቱ በመጠን ይካካስለታል። የምንትዋብ ስምንት ነው። የእርስዎም ስም ከነገ ጀምሮ ይነበባል።"

ትርንጎ አነበበች። ጣቷን ከመስመር መስመር እያስኬደች፣ ቀስ ብላ ነበር ያነበበችው። ስምንት የሚለው ቁጥር ላይ ስትደርስ ደግማ አነበበችውና ቀጠለች። ከታች፣ ከፊርማው ቦታ በላይ፣ ጣቷ ቆመ።

"ይህስ?" አለች። ጮክ ብላም አነበበችው። "የቀድሞው ልኬት በወቅቱ ደንብ መሠረት ትክክል እንደነበረ፣ የኩባያው እጣቢ ምርመራም ለኪው ያለ ሥልጣኑ የፈጸመው ጥፋት እንደሆነ አምኜ ተቀብያለሁ።"

"የተለመደ አንቀጽ ነው" አሉ ዶክተሩ።

"ጋሽ ደበላ ምን ይሆናሉ?"

"ይሰናበታሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለማንኛውም ጡረታ ይወጡ ነበር።" ዶክተር ሕሩይ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ወይዘሮ ትርንጎ፣ ይህን ወረቀት እዚህ ለማድረስ ምን እንደከፈልኩ አያውቁም። መሥሪያ ቤቱ ተሳስቻለሁ አይልም። ስምንቱን ለማግኘት ያለው መንገድ ይህ ብቻ ነው። ይፈርሙና ልጅዎን ይመግቡ።"

ምንትዋብ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ትርንጎ ልጇን አየቻት። የእጇ ጀርባ ድኗል፤ ግን ጠባሳው ገና ቀይ ነው። ያ ዓርብ ትዝ አላት፤ ልጅቷ እየነከሰች እያለቀሰች፣ አፏን ከእጇ ለማላቀቅ ትርንጎ በልጇ ጥርስ መሐል የራሷን ጣት ያስገባችበት ቀን። ከዚያ ደግሞ በር ዘግተው ኩባያ ያጠቡት ሰው ትዝ አሏት። ያለ እርሳቸው አሥራ ዘጠኝ የሚባል ቁጥር በምድር ላይ አልነበረም።

"ከዚህ ልኬት በፊት የተለኩ፣ አሁን የሌሉ ልጆች አሉ?" አለች።

ዶክተሩ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጡላት።

"ካሉ፣ የእነርሱ እናቶች ይህን ያነባሉ። ትክክል ነበር የሚለውን። እኔ ፈርሜበት ያነቡታል።"

ብዕሩን አነሣች። በዚያ አንቀጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር፣ በሁለቱም መስመር፣ ቀጥ ያለ ሰረዝ አሰመረች። ከጎኑ "ይህ ሐሰት ነው" ብላ ጻፈችና ከበታቹ ሙሉ ስሟን ፈረመች።

"ይህ ተቀባይነት የለውም" አሉ ዶክተር ሕሩይ።

"እንግዲያው መዝገቡ ክፍት ነው" አለች ትርንጎ። "አራቱ ይቀጥላል። ኩባያውም እኔ ጋ ይቆያል። ሠላሳውም እንዲሁ። ለእነርሱም ይህንኑ አንቀጽ ይስጧቸው፤ እየሰረዝን እንመጣለን።"

ዶክተሩ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከመስኮቱ ውጭ ነፋሱ የመናኸሪያውን አቧራ ያስነሣ ነበር። አንድ ጊዜ ስልኩን አነሡት፤ ሳይደውሉም አስቀመጡት። ምንትዋብ ከወንበሯ ወርዳ መጣችና መዳፏን ጠረጴዛቸው ላይ፣ በወረቀቱ ጥግ ላይ፣ አሳረፈች። ነገሩ ገብቷት አልነበረም፤ ጠረጴዛው ቀዝቃዛ ስለሆነ ወደደችው።

ዶክተር ሕሩይ እጇ እስኪነሣ ጠበቁ። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጡ። ከተሰረዘው አንቀጽ በታች፣ ከትርንጎ ፊርማ ጎን፣ አተሙበት፤ የራሳቸውንም ፊርማ ጨመሩ።

"ከዚህ በኋላ እኔም እዚህ ወንበር ላይ ብዙ የምቆይ አይመስለኝም" አሉ። ቅሬታም ምሬትም በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም።

ትርንጎ አንገቷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነቻቸው። አንዱን ቅጂ አጥፋ በደረቷ ከተተችው። የልጇን ባርኔጣ አስተካክላ፣ እጇን ይዛ በመተላለፊያው ወደ አስኳል ማደያው መስኮት ሄደች። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሠራተኛ የመሣሪያውን ገጽ አየና አዲሱ ድርሻ የሚጀምረው ከነገ እንደሆነ ነገራት።

ትርንጎ ወረቀቱን አወጣች፤ መስታወቱ ላይ ለጥፋ፣ የተሰረዘው አንቀጽ በደንብ እንዲታየው አድርጋ ያዘችለት።

"የተፈረመው ዛሬ ነው፣ ወንድሜ" አለችው። "የዛሬን ስጠኝ።"